ጥሩር የለበሰው እንግሊዛዊ፦ የዘመኑ ሥዕል ወይስ ቅጂው?

በለንደን የጨረታ ካታሎጎች ላይ ደጋግሞ ብቅ የሚል ሰውዬ አለ። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ዳንቴል፣ ደረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ጥሩር። ስሙ አይታወቅም። «ጥሩር የለበሰ መኮንን» ይሉትና ያልፉታል። ይህን ሰውዬ ግድግዳው ላይ መስቀል ላማረው ምርጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ በ17ኛው መቶ ዘመን ስሙ ያልታወቀ ሠዓሊ የሠራው፣ ወይም በ19ኛው ከታወቀ ሥዕል የተቀዳ።

ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ከሠዓሊው ስም ጋር የሚጻፈው ቃል ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ስመ ጥር የነበረውን ሠዓሊ ፒተር ሌሊን እንደ ምሳሌ ውሰድ። «ፒተር ሌሊ» ብቻ ካለ፣ ሻጩ ራሱ ሌሊ ሣለው እያለ ነው። «የሌሊ ስቱዲዮ» ካለ ረዳቶቹ አሉበት። ሌሊ በ1680 እስኪሞት ድረስ ብዙ ረዳት ነበረው፤ እሱ ፊቱን ይሠራል፣ ልብሱን እነሱ ይጨርሱታል። «በሌሊ ዙሪያ» ማለት በዘመኑ የነበረ ሌላ ሰው ነው። «ከሌሊ የተቀዳ» ግን ቅጂ ነው፤ መቼ እንደተቀዳም አይነግርህም። ትልቁን ስም አይቶ ትንሿን ቃል የዘለለ ገዢ ጉድ ይሆናል።

በጥሩሩም አትሸወድ። በዚያ መቶ ዘመን መጨረሻ ሙሉ ጥሩር ከጦር ሜዳ ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሥዕል ላይ የቀረው ለክብር ነው። ጥግ ላይ የተጻፈ ስም ካለም ቆይቶ የተጨመረ ሊሆን ይችላልና ቶሎ አትመን።

አሁን ሥዕሉን ገልብጠው። የድሮው ሸራ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ክሩ ወጣ ገባ ይላል። የቅጂው ሸራ ብዙውን ጊዜ እኩል ነው፤ አንዳንዴም የቀለም ነጋዴ ማኅተም አለበት። ዊንሰር ኤንድ ኒውተን የተቋቋመው በ1832 ስለሆነ የእሱን ማኅተም ካየህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ግን ቆይ! የድሮ ሥዕሎች ሸራቸው ሲደክም ከኋላ ሌላ ሸራ ይለጠፍላቸዋል። ማኅተሙ የተለጠፈው ላይ ከሆነ ስለ ሥዕሉ ዕድሜ ምንም አይናገርም።

የአልትራቫዮሌት መብራት ብታበራበት የቆየ ቫርኒሽ (ሥዕሉን ለመጠበቅ ከላይ የሚቀባው ግልጽ ሽፋን) አረንጓዴ ይመስላል፤ በኋላ የተቀባ ቀለም ጠቁሮ ይታያል። ጥቁሩ ከሰውዬው ኋላ በተቀባው ክፍል ወይም ጥሩሩ ላይ ከሆነ ችግር የለም። ፊቱን ከሞላው ግን የምትገዛው የአዳሹን ሥራ ነው።

ቅጂው በአብዛኛው ርካሽ ነው፤ ሸራውም ቀለሙም ያልተጎዳ ሆኖ ይገኛል። ከሶፋ በላይ ለማስዋብ ብቻ ከሆነ እሱ ይበቃል። እኔ ብሆን ግን ፊቱ ያልተነካ ከሆነ ስም የሌለውን የዘመኑን ሰውዬ እወስዳለሁ። ታላላቆቹ የጨረታ ቤቶች በመዶሻው ዋጋ (ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ) ላይ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ኮሚሽን እንደሚጨምሩ አስበህ ግባ። ከእንግሊዝ የምታወጣው ከሆነም፣ ዕድሜው ከ50 ዓመት ስላለፈ እንደ ዋጋው የመውጫ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህን ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ።