የራቁ የማከማቻ ስዊቾችን ማገናኘት፦ ቀጥታ ፋይበር ወይስ ኤፍሲአይፒ?

በሁለት ከተሞች ያሉ የማከማቻ ኔትወርክ ስዊቾችን (ሰርቨሮችን ከዳታ ማከማቻዎች ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎችን) ለማገናኘት ሁለት መንገዶች አሉ፦ ፋይበር ቻናልን (የማከማቻ ኔትወርክ ዳታ የሚተላለፍበትን ደንብ) በራሱ የፋይበር መስመር በቀጥታ መዘርጋት፣ ወይም በኤፍሲአይፒ ጠቅልሎ በአይፒ ኔትወርክ መላክ።

የቀጥታው መስመር ፈተና ርቀቱ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከአዲስ አበባ አዳማ ያህል፣ ደርሶ መልስ 1 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ላኪው ስዊች ተቀባዩ የፈቀደለት የባፈር ክሬዲት (ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ሊልካቸው የሚችላቸው የዳታ ጥቅሎች፣ ማለትም የፍሬሞች፣ ቁጥር) ሲያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። በ8 ጊጋቢት ፍጥነት፣ ሙሉ መጠን ላላቸው ፍሬሞች፣ በኪሎ ሜትር 4 ያህል ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ርቀት 400 መሆኑ ነው። ፍሬሞቹ በግማሽ ካነሱ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ይህን ሳያሰሉ ስንቶች የመስመሩን ባለቤት ያማርራሉ! መስመሩ ግን ጤነኛ ነው፤ ላኪው ክሬዲት ስለሚጠብቅ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይውላል።

ኤፍሲአይፒ ክሬዲቱን ስዊቹ ጋ አስቀርቶ የሩቁን ጉዞ ለቲሲፒ (በአይፒ ኔትወርክ የጠፋ ፓኬትን እንደገና ለሚልከው ደንብ) ያስረክባል። ሺህ ኪሎ ሜትርም አያስፈራውም፤ ኪራዩም አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ፓኬት ሲጠፋ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ መዘግየቱም ይዋዥቃል። ስለዚህ ወደ ማከማቻው የሚጻፍ እያንዳንዱ ዳታ ከወዲያኛው ማዕከል ማረጋገጫ ለሚጠብቅበት ቅጂ አልመርጠውም። ትንሽ ዘግይቶ ለሚከተል ቅጂ ይበቃል።

በሁለቱም መንገዶች ስዊቾቹ ወደ አንድ ፋብሪክ (እንደ አንድ ሆኖ የሚሠራ የስዊቾች ኔትወርክ) ከተዋሃዱ፣ መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር መናወጡ ሁለቱንም ከተሞች ያዳርሳል። ፋብሪኮቹን በራውቲንግ ለያይቶ የሚፈለጉትን መሣሪያዎች ብቻ ማገናኘት ይሻላል።