የሰንጢ ማጠፊያ ዘንግ ሲመረጥ፦ ከኩሽኔቱ በፊት ቱቦው

ሰንጢ የሚሠራ ሰው ዕቃ ሲያዝ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ኩሽኔቱ ላይ ነው። ኳሶቹ ሴራሚክ ናቸው ወይስ ብረት? ስለቱ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ብቻ ተወርውሮ ይከፈታል? የተሠራው ሰንጢ ከወራት በኋላ መወላወል ሲጀምር ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ማንም ልብ ባላለው ቱቦ ላይ፣ ማለትም ስለቱ በሚዞርበትና ብሎኑ በሚገባበት የዘንጉ አካል ላይ ነው፤ ወይ ርዝመቱ በትክክል አልተለካም፣ ወይ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል።

ተዘጋጅተው የሚሸጡት የዘንግ ስብስቦች በአብዛኛው በሦስት ውፍረት ይመጣሉ፤ 3.175፣ 4.76 እና 6.35 ሚሊሜትር። የመጀመሪያው ለትንሽ የኪስ ሰንጢ ካልሆነ አይመከርም። ውስጡ 2.2 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ላለው ብሎን ጥርስ ሲወጣለት የቱቦው ግድግዳ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ይቀራል፤ ትንሽ ጠበቅ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል። የ4.76ቱ ቱቦ ኤም 3 (3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ብሎን ተቀብሎም 0.88 ሚሊሜትር ግድግዳ ይተርፈዋል። ስለቱ ከ7 እስከ 9 ሳንቲሜትር ለሆነ ሰንጢ ከዚህ የተሻለ ልክ መፈለግ ድካም ነው። 6.35ቱ ጠንካራ ነው፤ ግን ከስለቱ ሥር ብዙ ብረት ስለሚበላ ሰፊ ስለት ይፈልጋል።

ዋናው ልዩነት ያለው ግን የቱቦው ራስ ላይ ነው። ክብ ራስ ያለው ርካሽ ስብስብ ለመትከል ይቀላል፤ ክብ ጉድጓድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ችግሩ ስለቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቱቦውን ይዞት መዞሩ ነው። ቱቦው በዞረ ቁጥር ብሎኑ ጥቂት በጥቂት ይላላል። ማጥበቅ ሲፈለግም በሁለቱም ጎን ካቻቢቴ መያዝ ግድ ይሆናል፤ ለዚያውም የአንዱ ራስ ጥርስ እስኪበላ ድረስ ነው። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ራስ ያለው ስብስብ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ጉድጓዱን በጠፍጣፋ መልክ ለማውጣት ፍሬዛ (ብረት የሚፍቅ ማሽን) የሌለው ሰው መጀመሪያ ክቡን አጥብቦ በስቶ ቀሪውን በቀጭን ሞረድ ይጨርሰዋል፤ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፣ ግማሽ ሰዓቱም የትም አይጠፋም። በገዙት ስብስብ ውስጥ ራሱ ክብ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቱቦውን በአንደኛው ጎን ጉድጓድ ውስጥ በ0.01 ሚሊሜትር ያህል ጥብቀት አስጨንቆ ማስገባት ይረዳል።

አሁን ወደ ርዝመቱ። ብዙ ሰንጢ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስለቱ 3 ሚሊሜትር፣ ሁለቱ ራንዴላዎች 0.4፣ 0.4፣ ከራስ ማረፊያው በታች የሚቀረው የእጀታ ብረት በየጎኑ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ድምሩ 7.8 ይሆናል። ቱቦው ከዚህ 0.2 ሚሊሜትር ማጠር አለበት፤ ማለትም 7.6። በ0.1 እንኳ ከድምሩ ቢረዝም ብሎኑ ቱቦው ጫፍ ላይ ያርፋል። እጅ «ጠብቋል» ይላል፣ ስለቱ ግን ይወላወላል፤ ሠሪው ደግሞ ራንዴላ እየቀያየረ ቀኑን ይጨርሳል። ከመጠን በላይ ሲያጥርም ሌላ ችግር አለ። ቱቦው ወደ ሁለተኛው ጎን ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ካልገባ በዚያ በኩል ሸክሙን የሚችለው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ይሆናል፣ ዘንጉም ያዘነብላል። ስለዚህ ረዘም ያለውን ገዝቶ ማሳጠር ይሻላል። ቱቦውን በቀጥታ በተበሳ ጣውላ ወይም ብረት ውስጥ አስይዞ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተነጠፈ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። ከዚያ የጥርሱን አፍ ወፈር ባለ ፑንታ በእጅ አንዴ ማዞር ይበቃል፤ ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ብሎን ጥርሱን አጣሞ ይገባል።

በቡሺንግ፣ ማለትም ስለቱ በሚዞርበት ለብቻው በሚገባ አጭር ቀለበት የሚሠራው ዓይነት ከሁሉም የበለጠ የሚያረካ፣ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ክሪስ ሪቭ የተባለው ሰንጢ ሠሪ ሰቤንዛ የሚለው ሰንጢ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ ስለቱ ግን አይታነቅም። ምክንያቱም ሁለቱ ጎኖች የሚጨምቁት ቡሺንጉን እንጂ ስለቱን አይደለም። ቡሺንጉ ከስለቱና ከሁለቱ ራንዴላዎች ድምር በ0.02 ሚሊሜትር ብቻ መርዘም አለበት። ለዚህ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል፤ ካሊፐር አይበቃም። ሲጠበቅ ስለቱ ከተወላወለ ቡሺንጉ ረዝሟል፣ ትንሽ ይታሻል። ከታነቀ አጥሯል፤ ያኔ ማስረዘም አይቻልምና የሚቀጥነው ራንዴላው ነው። ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ይህን ስብስብ ባይገዛ ይሻለዋል።

ራንዴላን በተመለከተ ብዙ ክርክር አያስፈልግም፤ ፎስፈር ነሐስ ይሻላል። ቴፍሎን ገና ሲገጠም ይንሸራተታል፣ ግን ጭነት ሲበዛበት ይሳሳል፣ የጠበቀውም ብሎን የላላ ይመስላል። የነሐስ ራንዴላ ከመገጠሙ በፊት ጠርዙ ላይ የቀረውን ስብርባሪ በ1000 ቁጥር ወረቀት በጣት አሽቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ከበድ ይላል፤ ጥቂት መቶ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ይለሰልሳል።

ኩሽኔት ያለው ስብስብ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ኳሶቹ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የሚነኩት ነጥብ የሚያህል ቦታ ነው። የጠነከረው የስለት ብረት ይህን ይችላል፤ ቲታኒየም ወይም ያልጠነከረ ላይነር (የእጀታው የውስጥ ብረት) ግን ይጎደጉዳል። ሴራሚክ ኳስ ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ ለስላሳው ብረት ላይ ጉዳቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የጠነከረ የብረት ራንዴላ ከኩሽኔቱ ጋር የማይመጣ ከሆነ ስብስቡ ጎደሎ ነው። የኪስ ብናኝም ከነሐስ ይልቅ እዚህ ቶሎ ይሰማል።

የቱንም ቢመርጡ ጉድጓዱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም። ትራፓኖው 1 ዲግሪ ቢያዘነብል 80 ሚሊሜትር ስለት ጫፉ ላይ 1.4 ሚሊሜትር ይስታል። ለ4.76 ቱቦ በ4.6 ፑንታ በስቶ በሪመር (ጉድጓድን በትክክለኛ ልክ በሚያሰፋ መቁረጫ) መጨረስ ነው፤ ሁለቱ ጎኖችም አንድ ላይ ታስረው ይበሳሉ። የስለቱ ጉድጓድ ስለቱ በእሳት ከመጠንከሩ በፊት መጨረስ አለበት፤ ብረቱ በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 60 ከደረሰ በኋላ ተራ ሪመር አይቆርጠውም። በቱቦውና በጉድጓዱ መካከል 0.03 ሚሊሜትር ክፍተት ቢቀር፣ መቆለፊያው ከዘንጉ 8 ሚሊሜትር ርቆ ስለቱን ሲይዝ፣ ጫፉ ላይ አሥር እጥፍ፣ ማለትም 0.3 ሚሊሜትር ሆኖ ይታያል።

ከሚገዛው ሁሉ ለመጀመሪያ ሰንጢ የሚመረጠው እንግዲህ ጠፍጣፋ ራስ ያለው የ4.76 ቱቦ፣ 0.4 የነሐስ ራንዴላ፣ የቶርክስ 8 (የኮከብ ቅርጽ መፍቻ የሚገባበት) ራስ ያለው ብሎን ነው። አነስ ያለው ቶርክስ 6 ብሎኑ እንዳይላላ የሚቀባው ማጣበቂያ ገብቶበት ሲፈታ ይበላል። ማጣበቂያውም ሐምራዊው ሎክታይት 222 ይበቃል፤ ከእሱ የሚበረታውን ቀዩን እዚህ ማንሳት ጥጋብ ነው። ጥርሱን በአሴቶን አጽድቶ በስንጥር ጫፍ ብሎኑ ላይ ብቻ መቀባት፤ ከበዛ ተገፍቶ ራንዴላው ላይ ይደርስና ስለቱን ያጣብቀዋል። 24 ሰዓት ሳይከፍቱት ይቆይ። በኋላ እምቢ ካለ ብሎኑን ከመታገል በፊት የጋለ የመበየጃ ካውያ ጫፍ የብሎኑ ራስ ላይ ጥቂት ማሳረፍ ነው።