ደንቆሮ ጫካን በእግር፦ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ጉዞ እንዴት ነው?

ነብር በዓይኔ አያለሁ ብላችሁ ከሆነ ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ደንቆሮ ጫካ የምትሄዱት ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ የማታዩበት እድል ነው የሚበዛው፣ ቀንቷችሁ ከሆነ ኮቴውን ወይ ግንድ ላይ የቧጨረውን ታያላችሁ። እኔም አላየሁትም፣ ግን ላስጎበኙን ልጆች ከ5 ኮከብ 5ቱንም ሰጥቻለሁ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ። ከደሴ በጉጉፍቱ በአቀስታ አድርጋችሁ መካነ ሰላም ትገባላችሁ፣ ረጅም ነው፣ ጉጉፍቱ ላይ ያለው ብርድ ደግሞ አይጣል ነው ጋቢ ሳትይዙ እንዳትወጡ። ጉዞውን ያስያዝኩት ድርጅት (ስሙን መጥራት አልፈልግም) "ነብር እናሳያችኋለን" ብሎ ነው ገንዘብ የተቀበለኝ፣ መኪናውም የተዋዋልነው አልነበረም ዳገቱ ላይ አቅቶት ወርደን በእግር ወጣን። ለሱ 1 ኮከብም ይበዛበታል። መኪናውን ራሳችሁ አይታችሁ ተከራዩ፣ አስጎብኚ እዛው መካነ ሰላም ስትደርሱ ያዙ፣ በጣም ይሻላል።

ፓርኩ ውስጥ ጭላዳው በመንጋ ነው ሰው ብዙም አይፈራ፣ ድኩላና ሰስ አለ፣ ላይ ጓሳውና ጅብራው ጋ ስትወጡ ቀይ ቀበሮም ይኖራል። ፎቶ ለሚወድ ሰው ይሄ ብቻውን ይበቃዋል።

እኔ ግን ልቤ የቀረው የጫካው ዳር ላይ ነው። አስጎብኚያችን እዛው አካባቢ ያደገ ልጅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከጫካው አውጥቶ አንድ ሸንተረር ላይ አቆመንና ደኑ የሚያልቅበትን የገብስ ማሳው የሚጀምርበትን እያሳየ "ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ የተወለደ ወንድ ነብር ከእናቱ ሲለይ ወዴት ይሂድ?" አለኝ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ጥያቄውን ግን እንዲህ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነብር ዓመት ከመንፈቅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ይለያል፣ ሴቷ ብዙ ጊዜ እናቷ አጠገብ ትቀራለች፣ ወንዱ ርቆ ሄዶ የራሱን ግዛት ይፈልጋል፣ አዲስ ደም ከጫካ ወደ ጫካ የሚወስደውም እሱ ነው። መሄጃ ካጣ ወይ መንገድ ላይ ይገደላል ወይ እዛው ቀርቶ ከዘመዶቹ ጋር ይራባል። ፓርኩ መጀመሪያ ሲከለል 4,375 ሄክታር ነበር በኋላ ነው የሰፋው፣ ለአንድ ወንድ ነብር እንኳን ሰፊ የሚባል አይደለም።

ዘመድ ከዘመድ ሲራባ ምን እንደሚመጣ በደንብ የታየው አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። የዛ አካባቢ ፑማዎች (ትልልቅ የዱር ድመቶች ናቸው) እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ገደማ ብቻ ቀርተው ነበር፣ ጅራታቸው የተቆለመመ፣ አንዳንዶቹ ልባቸው ቀዳዳ ያለበት፣ ወንዶቹ ቆለጣቸው ሳይወርድ የሚቀር። በ1995 ከቴክሳስ 8 ሴት ፑማዎች አምጥተው ለቀቁባቸው፣ ግልገሎቹ ጤነኛ ሆኑ፣ በ12 ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው 3 እጥፍ ገደማ ደረሰ። ታንዛኒያ ያለው ንጎሮንጎሮ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1962 ተናካሽ ዝንብ አንበሶቹን ፈጅቶ 10 አካባቢ ነው ያስቀረው፣ ከዛ በኋላ ቢባዙም ከውጪ የሚገባ አንበሳ ስላነሰ የወንዶቹ የዘር ፈሳሽ (ስፐርም) ላይ ብልሽት ታየ። እዛ ጥበቃ አልጎደለም፣ የጎደለው መጤ ነው። የዘርፉ ሰዎች በግምት እንደሚሉት በየትውልዱ አንድ መጤ እንኳን ገብቶ ቢወልድ ብዙ ነገር ይተርፋል። አንድ ብቻ!

ለዚህ ነው ልጁ ያሳየን ነገር ያስደሰተኝ። ነብር እስከሚቀጥለው ጫካ ድረስ ጥቅጥቅ ያለ ደን አይፈልግም፣ በሌሊት ነው የሚሄደው፣ ቁጥቋጦ ያለው ሸለቆ፣ የወንዝ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ ከከብት የተከለለ ተራራ ካገኘ ይሻገራል። እኛ ወሎ ውስጥ ደግሞ ከ77ቱ ድርቅ በኋላ የተከለለው ተራራ ስንት ነው! እነዚህን አንድ በአንድ በጣቱ እያሳየ የት ላይ እንደሚቋረጡ ነገረን፣ እውነት ለመናገር ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል።

ማሳው ዳር ያገኘናቸው አንድ አባትም ነብር ፍየል እንደበላባቸው ነገሩን። "ባይመጣ ደስ ይለኛል፣ ከመጣ ግን አልገድለውም፣ ልጄ የሚማረው ለእንግዳ በቅሎ እያከራየ ነው" አሉ። መንገዱ ክፍት የሚሆነው እኚህ ሰው እስከታገሱ ነው፣ ፍየል እየተበላባቸው ጥቅሙ ሌላ ጋ ከሄደ ግን ማን ይታገሳል? ስለዚህ በቅሎውን እዛው መንደር ተከራዩ፣ ቡናውንም እዛው ጠጡ።

የጫካ ዳሩ ጉዞ በመደበኛው ፕሮግራም የለም፣ ካልጠየቃችሁ አይወስዷችሁም፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። ክረምት አትሂዱ ጭቃው አያስኬድም፣ ከጥቅምት በኋላ ይሻላል። የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት እዛው ካለ ሰው አጣሩ። ማደሪያ መካነ ሰላም አለ፣ ቀለል ያለ ነው ግን ንጹህ።