«ለጊዜው ነው» ለተባለ ምስል ሙሉ ክፍያ እንዳትከፍሉ

ለእንጨት ሥራ ድርጅታችን ድረ ገጽ ስናሠራ የምርቶቻችንን 40 ፎቶዎች በፍላሽ አድርገን ለባለሙያው ሰጥተን ነበር። በርክክቡ ዕለት በየገጹ ያየናቸው ግን የእኛ ዕቃዎች አልነበሩም። «እነዚህ ለጊዜው ናቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ በእናንተ ፎቶዎች እተካቸዋለሁ» አለን። አመንነው፤ ቀሪውን ክፍያ አጠናቀን ከፈልን። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ።

በሳምንቱ አንዲት ደንበኛ ደውላ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያየችውን ክብ ጠረጴዛ ለማዘዝ ፈለገች። እኛ ክብ ጠረጴዛ ሠርተን አናውቅም። እሷ ስልኩን ይዛ እየጠበቀች ገጹን ስከፍተው ጠረጴዛው የለም፤ በቦታው የመጽሐፍ መደርደሪያ ተቀምጧል። ደግሜ ስከፍተው ወንበር ሆነ። «ታዲያ የለጠፋችሁት የማንን ዕቃ ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ዳግመኛ አልደወለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለሙያዎች ፕሌስሆልደር የሚሉት ቦታ ያዥ ምስል፣ እውነተኛው ፎቶ እስኪደርስ የገጹን አቀማመጥ ለማየት የሚገባ ነው፤ በሥራ ላይ እያሉ መጠቀሙ ነውር የለውም። አንዳንዱ «600 × 400» ተብሎ መጠኑ የተጻፈበት ግራጫ ሳጥን ነው፤ ይህኛው ማንንም አያታልልም። አደገኛው እውነተኛ ፎቶ የሚመስለው ነው። ብዙ ጊዜ በእናንተ ሰርቨር (ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ አይቀመጥም፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከሌላ ድርጅት ሰርቨር ይመጣል፤ እንደ እኛው በየጊዜው የሚለዋወጥም አለ። ያ አገልግሎት ሲዘጋ የእናንተም ምስል አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያሉ ምስሎችን ያቀርቡ ከነበሩት ፕሌስ አይ ኤም ጂ እ.ኤ.አ. በ2023፣ አንስፕላሽ ሶርስ ደግሞ በ2024 አገልግሎታቸውን አቁመዋል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በባለሙያው ሳይሆን በራሳችሁ ኮምፒውተር ተመልከቱት። ምስሉ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ለብቻው ክፈቱት፤ ከላይ የሚታየው አድራሻ የእናንተ ዶሜይን (የድረ ገጻችሁ ስም) ካልሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ገጹን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግማችሁ ክፈቱ። በመጀመሪያው ገጽ ብቻም አትወሰኑ፤ «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ የማናውቃቸው ሰዎች ሠራተኞቻችን ተብለው ቆመው ያገኘናቸው ዘግይተን ነው።

ከቴምፕሌት (አስቀድሞ ከተዘጋጀ የድረ ገጽ ንድፍ) ጋር የሚመጡ የናሙና ፎቶዎችም አሉ። ብዙዎቹ ለማሳያ ብቻ የተፈቀዱ ናቸው፤ ባለመብቱ ካሳ ሲጠይቅ በቀላሉ የሚያገኘው የድረ ገጹን ባለቤት ነው።

ውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ቦታ ያዥ ምስሎች በሙሉ በእናንተ ፎቶዎች ከተተኩና ፋይሎቹ በእናንተ ሰርቨር ላይ ከተቀመጡ በኋላ መሆኑን አስጽፉ። የእኛ ውል የሚለው «የተሟላ ድረ ገጽ» ብቻ ነበር። ባለሙያው እስካሁን በጽሑፍ መልእክት የሰጠን ብቸኛ መልስም «የተሟላ ድረ ገጽ አስረክቤያለሁ» የሚል ነው።