ቡሌን ከምጣዱ ላይ ላወረደችልን የእንስሳት ሐኪም

ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎችን ለማመስገን ነው። አንዷ የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ሌላው አናጺ። ሁለቱም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው የሚሠሩት። ሐኪሟ «ስሜ ይቅር እትዬ፣ ሥራውን ብቻ ይንገሩልኝ» ስላለችኝ ስሟን አላወጣም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ነገሩ የድመት ግልገል ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ ለሱቅና ለምግብ ቤት በማስረከብ ነው። ቤቴ የጤፍ ጆንያ አይጠፋም። ጤፍ ካለ አይጥ አለ፣ አይጥ ካለ ድመት ያስፈልጋል። ለጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። ችግሩ ጆንያውን እንድትጠብቅ ያመጣናት ድመት እንጀራው ላይ መውጣቷ ነው።

ስሟ ቡሌ ነው፣ መልኳ ቡላ ስለሆነ። ጡት እንደጣለች ሰሞን ወለል ለወለል ነበር የምትሯሯጠው። ጥቂት ጠንከር ስትል ወንበር ላይ፣ ከወንበር ካቢኔት ላይ፣ ከካቢኔት ምጣዱ ጋ። ጋግሬ ስጨርስ አክምባሎው ላይ ወጥታ ትጠቀለላለች። ጠዋት ስነሳ የዱቄቱ ትሪ ዙሪያ ትንንሽ የእግሯ ምልክት ታትሞ አገኛለሁ፣ አራት ጣት ከነመዳፉ። ደንበኛ እንጀራ ላይ አንዲት ፀጉር ካየ ደግሞ አለቀ፣ ሁለተኛ አይመጣም።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። አንዷ ካቢኔቱ ላይ ሚጥሚጣ በትኚ አለችኝ። ሌላዋ ውኃ በመርጫ ጠብቀሽ ርጪባት አለች። በጆንያ ከትቶ ከገበያው ማዶ መጣል ነው ያለኝም አለ። ጎረቤቴ እማማ ደግሞ ከሁሉም አጠር አድርገው «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም፣ አትድከሚ» አሉኝ።

ሐኪሟን ያገኘኋት በእማማ ላም ሰበብ ነው። ላሚቱ ጡቷን አሟት ልታክማት መጥታ ነበር። ሥራዋን ጨርሳ እጇን ስትታጠብ፣ እንደ ቀልድ «ዶክተር፣ ድመት ካቢኔት ላይ እንዳትወጣ የሚያደርግ መድኃኒት አላችሁ?» አልኳት። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይሄድ ነበር። እሷ ግን «ማድቤቱን ልየው?» አለች። ያመሰገንኳት ያኔውኑ ነው።

ገብታ ድመቷን አላየችም። መጀመሪያ እጇን አክምባሎው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ዞር ዞር አለችና «እትዬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ከዚህ የሚሞቅ ሌላ ቦታ አለ?» አለችኝ። የለም። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። ከጮቄ በኩል የሚመጣውን ብርድ የክረምት ሌሊት እኛም በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን ነው የምንችለው። ቀጥላ መስኮቱን አየች፤ ወደ ግቢ የሚያሳየው ካቢኔቱ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ቀጥላ መክተፊያውን አሸተተች። በእውነት አሸተተችው። ሥጋ ከተከተፈበት ሰንብቶ ነበር፣ ታጥቧልም። «ለእኛ ጠፍቷል፣ ለእሷ ግን አለ» አለች።

ከዚያ ያስረዳችኝን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። ድመት ከፍታ ትወዳለች። ከላይ ሆና ስታይ የሚያጠቃት እንደማይደርስባት ይሰማታል፣ የምታድነውንም ታያለች። ይህ አመል ሳይሆን አፈጣጠር ነው። ካቢኔቱ ደግሞ ከፍታም፣ ሙቀትም፣ ሽታም፣ የሰው ጫጫታም በአንድ ላይ የሚገኝበት ቦታ ነው። «አትውጪ የሚለው ብቻውን አይገባትም። እዚያ የምታገኘውን ሌላ ቦታ እናስቀምጥላት፣ ከካቢኔቱ ላይ ደግሞ እናንሳው» አለችኝ።

መምታትና ውኃ መርጨትን አልወደደችውም። በእሷ አባባል ግልገሏ የምትማረው ካቢኔቱን መፍራት ሳይሆን እኔን መፍራት ነው። እኔ ስኖር ትወርዳለች፣ እኔ ስወጣ ትወጣለች። የዱቄቱን ትሪ ሳስበው እውነቷን ነው፤ ያ ሁሉ ምልክት የሚታተመው ሁላችንም ስንተኛ ነበር። ሚጥሚጣውን ስነግራት ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። ድመት እግሯን በምላሷ ነው የምታጸዳው። የረገጠችው ሚጥሚጣ አፏና ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ይህን ምክር የሰጣችሁኝ እህቶች፣ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ተዉት።

የመጀመሪያ ትእዛዟ በር ነበር። ምጣድ ሲጣድ ቡሌ ሌላ ክፍል ትዘጋለች፣ ምጣዱና አክምባሎው እስኪቀዘቅዙ አትገባም። ይህ ለእንጀራው ብቻ አይደለም፣ የጋለ ምጣድ ላይ ብትዘል መዳፏ ይላጣል። መብራት ለእኛ ሲመጣ ሌሊት ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምጋግረው በሌሊት ነው። ስለዚህ ከመጋገሬ በፊት አጫውቻት፣ አብልቻት እንዳስገባት መከረችኝ። ጨርቅ በገመድ አስሬ ወለሉ ላይ እጎትትላታለሁ። ትዘላለች፣ ትይዛለች፣ ትነክሳለች። ከዚያ ትበላለች፣ ከበላች በኋላ ትተኛለች። ገመዱ ግን ጨዋታው ሲያልቅ ይነሳል፤ ድመት ክር ከዋጠች አንጀቷ ላይ ትልቅ ጉዳት ያደርሳል ብላኛለች።

ለሙቀቱ ያመጣችው መላ ደስ ያሰኛል። ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ መሙላት፣ በአሮጌ ጋቢ መጠቅለል፣ እንቅብ ውስጥ ማስቀመጥ። አለቀ። ምንም ወጪ የለውም። ውኃው እንዳይፈላ ብቻ፣ ክዳኑም ጠበቅ ይበል።

ምግቧን ስትጠይቀኝ ረጅም ጊዜ ወሰደች። ያው እንደ አብዛኛው ቤት የድመት ቀለብ ትራፊ ነው፣ እንጀራ በወጥ። «ሽንኩርት» አለችኝ። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያበላሻል፣ ቢበስልም ለውጥ የለውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምኑን ወጥ ይሆናል? ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም፤ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ድመት ባለበት ቤት ኖሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በሊታ ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ውሎ አድሮ ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ስለዚህ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ወይም ሳምባ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ጉበት፣ የተቀቀለ እንቁላል። የበሰለ አጥንት ይሰነጠቃልና አይሰጥም። ወተትም ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፣ ንጹሕ ውኃ ይበቃቸዋል። ግልገል ደግሞ እስከ 6 ወሯ ድረስ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ነው መብላት ያለባት። ማታ አንዴ ብቻ የበላች ግልገል ቀኑን ሙሉ ካቢኔት ላይ ብትፈልግ ምን ይገርማል?

ጾም ሲመጣ ነው ጉዱ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሉካንዳ ይዘጋል፣ ቤት ውስጥም የሚተርፍ የፍስክ ነገር የለም። «ቡሌ አትጾምም እትዬ» አለችኝ ዶክተር እየሳቀች። ስለዚህ በጾም እንቁላል ገዛሁ። ባለሱቁ እንቁላሉን እየቆጠረ ቀና ብሎ አየኝ። «ለድመት ነው» አልኩት። «እሺ» አለኝ፣ አላመነኝም።

አሁን ወደ አናጺው። ሐኪሟ ከካቢኔቱ ከፍ ያለ መደርደሪያ በሌላኛው መስኮት በኩል፣ ከምግብ ራቅ አድርጌ እንዳሠራ ነግራኝ ነበር። አናጺው «ለሰው አልጋ፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቻለሁ፣ ለድመት ግን ገና ነኝ» ብሎ ሳቀ። ሥራውን ግን በቀልድ አልያዘውም። ከተረፈው የባሕር ዛፍ ጣውላ ሁለት መደብ አወጣ፤ አንዱ ዝቅ ብሎ እንደ ደረጃ፣ ሌላው ከላይ። ግልገሏ በአንዴ መዝለል ስለማትችል ነው። ላዩን ጆንያ ወጥሮ በምስማር መታው፣ ጥፍሯ እንዲይዝላት። ሲጨርስ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። «ከተነቃነቀባት ሁለተኛ አትወጣበትም» አለ። ይህንን ሐኪሟ አልነገረችውም፣ ከራሱ ነው። በተባለው ቀን መጣ፣ የተባለውን ዋጋ ወሰደ፣ ፍቅፋቂውን ጠርጎ ሄደ። አናጺ ቀጥሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እንቅቡን ከነጋቢው ላይኛው መደብ ላይ አደረግነው። ቡሌ ካቢኔት ላይ ስትወጣ ጩኸት የለም፣ ቁጣ የለም። ዝም ብሎ ማውረድ፣ መደቡ ጋ መውሰድ፣ እዚያ ስትቀመጥ ወዲያው ትንሽ ሥጋ መስጠት። ወዲያው የሚለውን ደጋግማ ነው የነገረችኝ፣ ቆይቶ የተሰጠ ሥጋ ከምን ጋር እንደሚያያዝ ድመቷ አታውቅም። ካቢኔቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ የተጨማደደ ፎይል አነጠፍን። ድምፁንም አረጋገጡንም አትወደውም። ምጣድ ሲጣድ ግን ፎይሉ ይነሳል፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ጨዋታ የለም። እያደር ፎይሉን ጨርሶ ተውነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ቡሌ ሳትሆን የቤቱ ሰው ነው። ትንሹ ልጄ እኔ ሳላይ ካቢኔቱ ላይ አስቀምጦ ያጎርሳታል። ሐኪሟ ለእሱም ለብቻው ነገረችው። አስጠንቅቃው እንዳይመስላችሁ፤ «መደቡ ላይ ስትወጣ ሥጋ የምትሰጣት አንተ ነህ፣ ሹመትህ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ የሹመቱን ነገር በቁም ነገር ይዞታል። እኔን ራሴን ይቆጣጠረኛል።

ሌላም አለ። የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፣ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። ድመት ለነፍሰ ጡር አይሆንም ሲባል ሰምታ ፈርታ ነበር። ሐኪሟ ነገሩን ሳታጣጥልም ሳታጋንንም አስረዳችን። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አለ። አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ የበላች ድመት በዓይነ ምድሯ ልታወጣው ትችላለች። ወደ ሰው ለመተላለፍ ግን ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል፣ ስለዚህ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ በሌላ ሰው ከተጣለና እጅ በደንብ ከታጠበ አደጋው ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋና ያልታጠበ አትክልትም ያው ተውሳክ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ቁርጥ የምትወዱ ነፍሰ ጡሮች ልብ በሉ። የቀረውን በእርግዝና ክትትሏ ላይ ለጤና ባለሙያ እንድትጠይቅ ነገረቻት። የማታውቀውን አውቃለሁ የማትል ባለሙያ ደስ ትለኛለች። ካቢኔቱንም ከመጋገሬ በፊት ሁልጊዜ በሳሙና አጥባለሁ፣ ቡሌ ወጣችም አልወጣችም።

3 ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጋቻት። ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዘዋል፣ ወደ ሰውም ያስተላልፋል። ቀኑን ካርድ ላይ ጻፈችልኝ። የክትባቱን ዋጋ መርፌውን ከማውጣቷ በፊት ነው የነገረችኝ። ለካቢኔቱ ምክር ግን ምንም አልተቀበለችኝም። በመጨረሻ እንጀራ ቋጥሬ ሰጠኋት፣ እሱን አልገፋችም።

ሙሉ ለሙሉ ተሳክቷል አልላችሁም። ዶሮ የተሠራ ቀን ቡሌ ሃይማኖቷን ትረሳለች። ካቢኔቱ ላይ አትውጣ እንጂ ሥሩ ቁጭ ብላ እስኪሰለቸን ታለቅሳለች። በሌላው ቀን ግን መደቧ ላይ ናት፣ የዱቄቱ ትሪም ጠዋት ንጹሕ ነው። አይጥ መያዟንም አልተወችም። እማማ እንኳ መጥተው አይተው «ምን አስነክታችኋት ነው?» ብለዋል።

ሐኪሟን ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ስልኳ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ጎዛምንና ሲናን ገጠር ትወጣለች፣ ኔትወርክ እንደልብ የለም፣ መንገዱም ሁልጊዜ አይመችም። ላምና በሬ የታመመበት ገበሬ ደግሞ ከእኔና ከእናንተ ድመት ይቀድማል፣ መቅደምም አለበት። ከሰዓት በኋላ ሞክሯት። ካላነሳች መልእክት ተዉላት፣ መልሳ ትደውላለች። አናጺው ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ ሱቁ ውስጥ አለ። የድመት መደብ ስትሉት አሁን አይስቅም፣ ልኩን ያውቀዋል።