«ተጓዦቹ ተዋንያን»፦ ትዕግሥት ላለው ብቻ
ግሪካዊው ቴዎ አንጌሎፑሎስ በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው ፊልም ነው፤ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር እኛ ቤት አቦል ሲቀዳ ከፈትነው፤ በረካው ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሣ እሱ ገና አጋማሽ ላይ ነበር።

ታሪኩ ከ1939 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። አንድ የቲያትር ቡድን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ጎልፎ ስለምትባል እረኛ የተጻፈ ተውኔት ያሳያል። ያሳያል ልበል እንጂ ማን ያስጨርሰው! ጣልያን፣ ቀጥሎ ጀርመን፣ ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት። አያቴ የጣልያንን ስም ሲሰሙ ቀና ብለው «እነሱንም አልማራቸውም?» አሉ።

ዶሮዋ ያለችበት ትዕይንት ግን ለብቻው ይታይ። ረሃብ ያንገላታቸው ተዋንያን በረዶ በለበሰ ሜዳ ላይ፣ ካፖርታቸውን እንደደረቡ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው አንዲት ዶሮ ይከባሉ። ማንም አይናገርም።

የማልወድለት፣ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ስለሚቆም ማን የማን ልጅ እንደሆነ መለየት ያታክታል። ለሁለት ከፍላችሁ እዩት፤ ላፕቶፑንም አስቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፣ የጅማን መብራት ታውቁታላችሁ።