ተንቀሳቃሽ ሲቲ ወይስ ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ? ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የቱ ይሻላል

የጽኑ ሕሙማን ታካሚን ወደ ራዲዮሎጂ (የምስል ምርመራ ክፍል) ማውረድ ብዙ ጣጣ አለው። ቬንትሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ)፣ የመድኃኒት ፓምፖቹ፣ ሞኒተሩ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ኦክስጅን ሊወርድ፣ ቱቦ ሊነቀል፣ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሊጨምር ይችላል። ምስል የሚያነሳው ማሽን ራሱ ወደ አልጋው ቢመጣ ይሻላል። ግን የትኛው? በኤክስሬይ ጨረር የሚያነሳው ሲቲ ወይስ በማግኔት የሚያነሳው ኤምአርአይ?

ሴሬቶምን የመሰሉ የጭንቅላት ሲቲዎች በባትሪ ይሠራሉ። ትልቁ ጉልበታቸው ፍጥነት ነው። ደም ፈሶ እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያሉ። ለስትሮክ ታካሚ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ከመስጠት በፊት መታወቅ ያለበትም ይኸው ነው። ችግሩ ጨረሩ ነው፤ አንድ የጭንቅላት ሲቲ ወደ 2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ይሆናል። በየቀኑ ለሚደገም ክትትል ያሳስባል፤ አጠገብ ላሉት ባለሙያዎችና ታካሚዎችም መከለያ ያስፈልጋል። በደም ሥር መዘጋት የመጣ ስትሮክ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ በሲቲ አይታይም።

እዚህ ላይ ኤምአርአዩ ይገባል። የሃይፐርፋይን ኩባንያ ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ፣ ስዉፕ፣ በ2020 ከአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። የማግኔቱ ጉልበት 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፤ የተለመዱት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ናቸው። ደካማ መሆኑ ግን ጠቅሞታል። ልዩ ክፍል አይፈልግም፣ ማግኔቱን የሚያቀዘቅዝ ሂሊየም አይፈልግም፣ ተራ ሶኬት ይበቃዋል። ርቀቱ ከተጠበቀ ቬንትሌተሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቆያል። ጨረር ስለሌለው ደጋግሞ ማንሳት ይቻላል። በሌላ በኩል ምስሉ እንደ ትልቁ ኤምአርአይ ጥርት ያለ አይደለም፤ ትንንሽ ጉዳቶች ያመልጡታል። ሙሉ ምርመራው ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል፤ የሚወራጭ ታካሚ ካለ ደህና ምስል አትጠብቁ። «ደካማ ማግኔት ነው» ብሎ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል በሰውነት ውስጥ የተተከለ መሣሪያ) ያለውን ሰው ማስገባትም አይቻልም።

በእጅ የሚያዝ የኢንፍራሬድ መፈለጊያም አለ። ምስል አይሰጥም፤ ለራስ ቅል የቀረበ የፈሰሰ ደም መኖሩን ብቻ ይጠቁማል። ለአምቡላንስ ጥሩ ነው፣ ሲቲን ግን አይተካም።

የኔ ምርጫ? ለድንገተኛ ክፍል ያለ ምንም ማመንታት ሲቲ። ሲቲ ላለው፣ ታካሚዎቹን ለቀናት የሚከታተል ጽኑ ክፍል ግን ኤምአርአዩ ገንዘቡን ያወጣል። ሲቲ ሳይኖራችሁ ኤምአርአዩን ብቻ ብትገዙ ግን ሌሊት የሚመጣው የአደጋ ታካሚ ያስጨንቃችኋል።

ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑን ከአሳንሰሩ እስከ መጨረሻው አልጋ አስገፍታችሁ እዩት። ስዉፕ ከ600 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ምስሉን ሌሊት የሚያነብላችሁ ማን እንደሆነም ያኔውኑ ጠይቁ።